መልሶ የሚገፋ መሪ

(በሬድዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት ነገር ላይ ላዩን ለሰማው ሰው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ይኸውም በጨዋታ አዳራሽ ቆመው፥ ሳንቲም እየተከፈለባቸው የእሽቅድምድም መኪና ሲያስነዱ የኖሩ አሮጌ ሣጥኖች ከአገልግሎት ሲወጡ፥ መሪያቸውንና ሞተራቸውን ፈትቶ በቤት ውስጥ ከኮምፒዩተር ጋር ስለ ማገናኘት ነው። ያም መሪ ተራ መሪ አይደለም፤ የጨበጠውን ሰው እጅ መልሶ የሚገፋ መሪ ነው። «ነገሩ ጨዋታ ከሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ጊዜውን ስለ ምን ያጠፋበታል?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን መልሱን ከመስጠቴ አስቀድሞ ወደ አርሲ ደጋ፥ ወደ ሮቤ በሐሳብ እንድትከተሉኝ እለምናችኋለሁ።

በሰኔ ወር በሮቤ ዙሪያ ለስንዴና ለገብስ የሚሆነው መሬት ሲታረስ ቆሞ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስደንቀው አይቀርም። ገበሬው በአንድ እጁ ጅራፉን፥ በሌላው እጁ እርፉን ይዞ በሬዎቹን ይከተላል። ዓይኑ በበሬዎቹና በትልሙ መጨረሻ ላይ ነው። ማረሻው በአፈር ውስጥ የተቀበረ ስለ ሆነ አይታየውም። ይሁን እንጂ ማረሻው ድንጋይ በነካ ጊዜ ወዲያውኑ እርፉን ያነሣል፤ የዛፍ ሥር በያዘውም ጊዜ በሬዎቹን ያቆማል፤ መሬቱ ሲጠነክርበት ክንዱን ያበረታል። ይህን ሁሉ ማን ነገረው? እርፉ ነገረው። እንጨቱ ከማረሻው ጫፍ የተቀበለውን መልእክት ሳያጓድል ለመዳፉ ያደርሳል። አባት ልጁን እርሻ ሲያስተምር ቃል አያበዛም፤ እርፉን ያስጨብጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስተምረው መሬቱ ራሱ ነው።

በዚያው አገር ዛሬ የመከር ጊዜ ሲደርስ ከማጭድ ጋር ኮምባይነርም ይገባል፤ እህሉንም የጭነት መኪና ተሸክሞ ወደ አሰላና ወደ አዳማ ያወርደዋል። እርፍ የጨበጠ አባት ልጅ መሪ ለመጨበጥ ይመኛል። እንግዲህ መነሻ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ መሪስ እንደ እርፍ ለእጅ ይናገራልን?

አዎን፥ ይናገራል። እንዴት እንደሚናገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የቢሮ ወንበራችሁን ተመልከቱ። በእግሩ ሥር ያሉት ትንንሽ መንኮራኩሮች፥ ወንበሩን በገፋችሁት ጊዜ ሁሉ ዞረው ከኋላ ይከተላሉ እንጂ ቀድመው አይሄዱም። የመኪና የፊት ጎማዎችም የሚታጠፉበት ዘንግ ጥቂት ወደ ኋላ ዘንበል ተደርጎ ስለሚሠራ፥ ጎማው መሬትን የሚነካበት ስፍራ ከዘንጉ መስመር በስተኋላ ይውላል። ስለዚህ መኪናው በተጓዘ ቁጥር ጎማዎቹ ራሳቸውን ለማቃናት ይታገላሉ። በመታጠፊያ ላይ መሪው እጃችንን የሚስበው፥ ስናላላውም ወደ መካከሉ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህም የረቀቀ ሌላ ምስክርነት አለ። ጎማው መሬቱን ለቆ ሊንሸራተት ሲል፥ መሪውን የሚመልሰው ኃይል ቀድሞ ይቀንሳል። በክረምት በአርሲ ጭቃ ላይ የሚነዳ ልምድ ያለው ሾፌር መሪው በእጁ ውስጥ በድንገት ሲቀልል ይሰማዋል፤ እግሩንም ከነዳጅ መስጫው ላይ ያነሣል። ጭቃውን በዓይኑ ከመመርመሩ በፊት መዳፉ አስጠንቅቆታል። ልምድ የሌለው ሰው ግን የመሪውን መቅለል እንደ ምቾት ይቈጥረዋል፤ የሚነቃውም መኪናው ከመንገድ ከወጣ በኋላ ነው።

የሰው ልጅ ሥራውን ማቅለል ይወዳልና፥ በ1951 (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው ክራይስለር ኩባንያ በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ለገበያ አቀረበ። ክንድ የሚያደክመው ሥራ ቀለለ። ነገር ግን እገዛው በበዛ ቁጥር የመንገዱ ድምፅ ለእጅ እየራቀ ስለ ሄደ፥ የመሐንዲሶቹ ሥራ በሁለት ተከፈለ፤ በአንድ ወገን መሪውን ማቅለል፥ በሌላ ወገን የጠፋውን ስሜት መመለስ ሆነ። የፈረንሣዩ ሲትሮኤን በ1970 ባወጣው ኤስ ኤም በተባለው መኪና፥ ፍጥነት ሲጨምር መሪውን ሆን ብሎ የሚያከብድና ወደ መካከሉ የሚመልስ መሣሪያ ገጠመበት። አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ልብ በል፤ ክብደቱ ጉድለት ሳይሆን ለነጂው የተሰጠ መልእክት መሆኑ ታውቆ በገንዘብ ተገዛ።

ስሜትን በኤሌክትሪክ ወደ እጅ የመመለስ ጥበብ ግን ከጨዋታ አልተወለደም። በአሜሪካ በአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሚስተር ሬይመንድ ጎርትዝ የተባሉ መሐንዲስ፥ አደገኛ ጨረር ያለበትን ዕቃ ከወፍራም ግድግዳ ማዶ ሆኖ ለማንሣት የሚያስችል ሰው ሠራሽ ክንድ ይሠሩ ነበር። ሠራተኛው የዕቃውን ክብደትና ጥንካሬ ካልተሰማው ብርጭቆውን ይሰብረዋል። ስለዚህ በ1954 ሚስተር ጎርትዝ፥ ማዶ ያለው ክንድ የሚያገኘውን ግፊት በኤሌክትሪክ ሞተር አማካይነት ለሠራተኛው እጅ የሚመልስ መሣሪያ ሠሩ።

ጨዋታው ይህን ጥበብ የወረሰው ኋላ ነው። በ1976 የጃፓኑ ሴጋ ኩባንያ ባወጣው የሞተር ብስክሌት ጨዋታ ውስጥ፥ ተጫዋቹ ከሌላ ጋር በተጋጨ ጊዜ መያዣው በእጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህ ገና መንቀጥቀጥ እንጂ ንግግር አልነበረም። በ1989 የአሜሪካው አታሪ ጌምስ «ሃርድ ድራይቪን» የተባለውን ሣጥን ሲያወጣ ግን ቁልፍ፥ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ያለው፥ መሪውም በሞተር ኃይል እጅን የሚታገል ሆኖ መጣ። ከዚያ በኋላ የናምኮ «ሪጅ ሬሰር»፥ የሴጋ «ዴይቶና» እና «ሴጋ ራሊ» በ1990ዎቹ ዓመታት በየአገሩ የጨዋታ አዳራሾችን ሞሉ።

የእነዚህ ሣጥኖች ሆድ ተከፍቶ ሲታይ ምን ይገኛል? በመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ በጥርስ ወይም በቺንጋ የተያያዘ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ። አጠገቡ መሪው የት እንደ ደረሰ የሚለካ ዕቃ አለ፤ ይህም የሬድዮናችሁን ድምፅ ከፍና ዝቅ ከምታደርጉበት ቍልፍ ጋር በአሠራሩ አንድ ነው። ከነዚህም በላይ ሞተሩን የሚያዝ ሰሌዳ አለ። ዋናው የጨዋታ ሰሌዳ መኪናው በየትኛው መንገድ ላይ እንዳለ ያሰላና ለሞተር አዛዡ ትእዛዝ ይልካል፤ አዛዡም መሪውን ይገፋል። ሁሉም በወፍራም ብረት ላይ በቡሎን የታሰረ ነው፤ ምክንያቱም ሣጥኑ የተሠራው ሳንቲም የከፈለ እንግዳ ሰው ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይራራለት እንዲታገለው ነው።

የቤት ጨዋታ መሣሪያዎች እየበረቱ በሄዱ ጊዜ ግን አዳራሾቹ እየተዘጉ ሄዱ። ሴጋ ራሱ በጃፓን ያሉትን የጨዋታ ቤቶች ከ2020 ጀምሮ ሸጦ በ2022 ከዚያ ሥራ ፈጽሞ ወጣ። የተጣሉት ሣጥኖች ስዕላቸው ቢያረጅም ክንዳቸው አላረጀም። በመሆኑም በልዩ ልዩ አገር ያሉ የእጅ ሥራ ወዳጆች የተጣለውን ክንድ አንሥተው ለአዲስ አእምሮ ማገልገል እንዲችል አደረጉት። ዛሬ የምነግራችሁም የዚህን ሥራ አካሄድ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ካቻቢቴ ማንሣት ሳይሆን መጠንቀቅ ነው። የጃፓን የቤት ኤሌክትሪክ 100 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው፤ ስለዚህ ከጃፓን የመጣን ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ መሰካት ማቃጠል ነው። አሮጌው የሣጥኑ ቴሌቪዥንም ከ20 ሺህ ቮልት በላይ የሚያመነጭ በመሆኑ፥ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ የቀረው ኃይል ሰውን ሊጎዳ ይችላል። ያልተማረ እጅ እዚያ ውስጥ አይግባ። የሚፈለገው መሪው፥ ሞተሩና ዘንጋቸው ነው፤ ቴሌቪዥኑን ለባለሙያው መተው ይገባል።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። ይህን ለማስረዳት የመሥሪያ ቤት ምሳሌ ልውሰድ። አሮጌው የሞተር አዛዥ ሰሌዳ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ሠላሳ ዓመት እንዳገለገለ ጸሐፊ ነው። ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ነገር ግን የሚቀበለው በለመደው አጻጻፍ የመጣለትን ትእዛዝ ብቻ ነው። በ1990ዎቹ የሴጋ ሣጥኖች ውስጥ ይህ ትእዛዝ እጅግ አጭር ነበር። ከስምንት የ«አዎን» እና የ«አይደለም» ምልክት አይበልጥም። የትእዛዙ አንዱ ክፍል የሥራውን ዓይነት ይናገራል፤ ወደ ቀኝ ግፋ፥ ወደ ግራ ግፋ፥ አንቀጥቅጥ፥ ወደ መካከል መልስ ይላል። ሌላው ክፍል የኃይሉን መጠን ይናገራል።

እንግዲህ አንደኛው መንገድ ጸሐፊውን በቦታው ማቆየትና አስተርጓሚ መቅጠር ነው። ይኸውም የዛሬው ኮምፒዩተር የሚናገረውን ወደ አሮጌው አጭር ትእዛዝ የሚለውጥ ትንሽ ሰሌዳ በመካከል ማስገባት ነው። የዚህ መንገድ ጥቅም ሞተሩና አዛዡ የተስማሙ መሆናቸው ነው። ጉድለቱ ደግሞ አሮጌው ጸሐፊ ከጥቂት ቃል በላይ አለማወቁ ነው፤ የመንገዱን ትንንሽ ወሬ ሁሉ ሊያደርስ አይችልም።

ሁለተኛው መንገድ ጸሐፊውን በክብር ጡረታ አውጥቶ ሞተሩንና መሪውን ብቻ ማስቀረት ነው። በቦታው አርዱዊኖ የሚባል፥ የመዳፍ ስፋት የሌለው ሰሌዳ ይገባል። አርዱዊኖ በ2005 በጣሊያን አገር በኢቭሬያ ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ የተጀመረ፥ አሠራሩም ለማንም የተገለጸ ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ የሆነው ሌዎናርዶ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ «እኔ ኃይል የምመልስ መሪ ነኝ» ብሎ ራሱን ማስተዋወቅ ይችላል። እነዚህ መሣሪያዎች ከኮምፒዩተር ጋር በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ በ1999 በወጣ የዩኤስቢ ደንብ ተወስኗልና፥ ጨዋታው የመሪውን የትውልድ ሐረግ አይጠይቅም፤ ደንቡን ካከበረ ይቀበለዋል።

የሬድዮ ቍልፍ የሚመስለው መለኪያም በዚህ ጊዜ ቢለወጥ መልካም ነው። ውስጡ በመፋተግ ስለሚያልቅ ስዕሉ ላይ ያለው መኪና ያለ ምክንያት ይንቀጠቀጣል። በምትኩ በብርሃን የሚሠራ ዙር ቈጣሪ ይገባል። ቈጣሪው በአንድ ዙር 600 ምልክት የሚሰጥ ቢሆን፥ ሰሌዳው እያንዳንዱን ምልክት በአራት ከፍሎ ስለሚያነበው አንዱ ዙር 2400 ቦታ ይሆናል። ይህ ማለት መሪው ከአንድ ዲግሪ አንድ አምስተኛ ያነሰ እንኳ ቢነቃነቅ ይታወቃል ማለት ነው። ከሰሌዳው ደካማ ትእዛዝና ከሞተሩ ብርቱ ጉልበት መካከልም ኃይሉን የሚያጎላ መሣሪያ ይቆማል።

ይህ ሁሉ ከተገጠመ በኋላ ሥራው ያለቀ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሡት መሪው ማንም ሳይነካው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተወዛወዘ ይበረታ ይሆናል። ምክንያቱ መዘግየት ነው። መሪው ከመካከል ወደ ቀኝ ሲሄድ «ተመለስ» የሚለው ትእዛዝ ዘግይቶ ይደርሳል፤ መሪውም ሲመለስ መካከሉን አልፎ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሁለተኛውም ትእዛዝ እንደዚሁ ዘግይቶ ይመጣል። መድኃኒቱ ትእዛዙ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ እንዲደርስ ማድረግና፥ በእርምት ረገድ ጥቂት ልጓም መጨመር ነው። ልጓሙ ሲበዛ ደግሞ መሪው ማር ውስጥ እንደ ገባ ማንኪያ ይከብዳል፤ ወሬውም ይጠፋል። ትክክለኛውን ልክ የሚያገኘው የሚታገሥ ሰው ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ስለ ኃይሉ መጠንም መናገር ግዴታዬ ነው። የመሪው ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ሞተሩ 2 ኒውተን ሜትር ቢገፋ፥ በመሪው ጠርዝ ላይ የሚሰማው አንድ ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ እንደ ማንሣት ነው። ይህ ለቤት የሚበቃ ነው። 20 ኒውተን ሜትር የሚገፋ ሲሆን ግን 14 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ሳይታሰብ ሲመጣ አውራ ጣትን ይሰብራል። ስለዚህ አውራ ጣትን በመሪው ክንዶች ውስጥ አለማጠላለፍ፥ በትንሽ ኃይል መጀመር፥ ልኩ የታወቀ ፊውዝ ማስገባት፥ የመሬት ሽቦ ማሰር፥ በቅርብም ሞተሩን ባንድ ምት የሚያጠፋ ቀይ ቍልፍ ማኖር ያስፈልጋል። ሕፃን ብቻውን እንዲጠቀምበት አይፈቀድም።

አሁን በመግቢያዬ ወደ ገመትኩት ጥያቄ ልመለስ። ይህ ሁሉ ድካም ለጨዋታ ብቻ ነውን? ሁለት ታሪኮች ልንገራችሁ፤ ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ሚስተር ኤድዊን ሊንክ በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት በቢንግሃምተን ከተማ በአባታቸው የኦርጋን ፋብሪካ ያደጉ ሰው ነበሩ። አውሮፕላን መንዳት ለመማር የሚከፈለው ገንዘብ ስለ ከበዳቸው፥ በ1929 የኦርጋኑን ወናፎችና የአየር መሳቢያዎች ወስደው፥ ከመሬት ሳይነሣ እንደ አውሮፕላን የሚያዘነብልና የሚዞር ትንሽ መሣሪያ ሠሩ። እንግዲህ የሙዚቃ ዕቃ ለበረራ ትምህርት ዋለ ማለት ነው። ነገር ግን መሣሪያውን በመጀመሪያ ከገዙት መካከል የሚበዙት የአየር ኃይል ሰዎች አልነበሩም፤ የመዝናኛ ቦታዎች ነበሩ። ሰዎች ሳንቲም እየከፈሉ ይሥቁበት ነበር። በ1934 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ፖስታ በአውሮፕላን የማመላለሱን ሥራ ተረክቦ፥ በመጥፎ አየር ለመብረር ያልሠለጠኑ ከ10 የሚበልጡ አብራሪዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞቱ። ያን ጊዜ ሠራዊቱ የተሣቀበትን መሣሪያ አስታውሶ ስድስት ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስፍር ቍጥር የሌላቸው አብራሪዎች በዚሁ መሣሪያ ሠለጠኑ።

ሁለተኛው ታሪክ የራሳችን ነው፤ በሐዘንም የምናነሣው ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፥ የበረራ ቍጥሩ 302 የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ፤ 157 ሰዎችም ሞቱ። የአደጋው ዋና ምክንያት አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋው የአውሮፕላኑ የራሱ መሣሪያ በተሳሳተ መረጃ መነሣቱ እንደ ሆነ ዓለም አውቋል። ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነጥብ ነው። አብራሪዎቹ የጅራቱን ክንፍ በእጅ በሚዞረው መንኮራኩር ለማቃናት ሞክረው እንዳልተቻላቸው በመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት ተጽፏል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ ቦይንግ፥ አብራሪዎች የሚለማመዱበት የማክስ ምስለ በረራ አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በሚገባ ለመምሰል የማይችል እንደ ነበረና እርማት እንደ ተደረገበት አስታወቀ። ከጉድለቶቹም አንዱ የዚያ መንኮራኩር ክብደት እንደ ነበረ ተነግሯል። በመለማመጃው ላይ የቀለለው በአየር ላይ የማይዞር ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ወገኖቼ፤ እጅን የሚያታልል መሣሪያ ያለው አደጋ ከዚህ የበለጠ ምን ይገልጠዋል? መለማመጃ መሣሪያ በክብደት ረገድ ከዋሸ ተማሪው ያልኖረበትን ዓለም እንዳወቀ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ሮቤ እንመለስ። በዚያ ከተማ ያለ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት እናስብ። አባቱ እርፍ ጨብጦ ያሳደገው ነው፤ እርሱ ግን የጭነት መኪና ወይም የኮምባይነር ነጂ ለመሆን ይመኛል። መኪና የለውም፤ የሾፌር ማሠልጠኛ ክፍያም ይከብደዋል። እንደ ጓደኞቹ በሰዓት ከፍሎ በጨዋታ ቤት መኪና ይነዳል። ያ መኪና ግን በጣት በሚጫኑት ቍልፍ የሚታጠፍ፥ ጭቃና አስፋልት አንድ የሚሆኑበት፥ ቢገለበጥም ያለ ኪሣራ የሚነሣ ነው። ይህ ጨዋታ ድፍረትን ያስተምረዋል እንጂ ጥንቃቄን አያስተምረውም። እጁን መልሶ የሚገፋ መሪ ቢያገኝ ግን በጭቃ ላይ መሪው ሲቀልል ይሰማዋል፤ በመታጠፊያ ላይ ከአቅም በላይ ሲፈጥን ክንዱ ይደክማል። የፈጠነበትን ዋጋ ከቀላል ሥፍራ ላይ ሆኖ ይማራል።

ይህ የመንጃ ፈቃድ ምትክ አይደለም። የአዳራሽ መሪ ብዙውን ጊዜ አንድ ሙሉ ዙር እንኳ አይዞርም፤ የመኪና መሪ ግን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ዙር ተኩል፥ ሦስት ዙርና ከዚያም በላይ ይዞራል። እግረኛ፥ ከብትና ጋሪ ያለበትን እውነተኛውን መንገድ የሚተካ ነገር የለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና፥ ይህ መሪ የመማር መጀመሪያ እንጂ የጥምጥሙ ምትክ ተደርጎ አይታይ።

ከጃፓን የመጣ የሴጋ ሣጥን በሮቤ ገበያ ይገኛል ብዬም አላታልላችሁም። ነገር ግን ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም። ከዚያ ሣጥን የሚፈለገው ስሙ ሳይሆን ሞተሩ ነው። ከተጋጩ ትንንሽ መኪናዎች የሚወጣ የኤሌክትሪክ መሪ ማገዣ ሞተር ለዚህ ሥራ ይሆናል፤ ትናንት ሲያግዝ የኖረው ዛሬ እንዲታገል ይታዘዛል። የመስታወት መጥረጊያ ሞተር ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይመችም፤ ውስጡ ያለው ጥርስ ከሞተሩ ወደ ዘንጉ እንጂ ከዘንጉ ወደ ሞተሩ ኃይል በቀላሉ አያሳልፍምና፥ መሪው በእጅ ሲዞር ግትር ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሞተሩ ከኤሌክትሪክ ሳይገናኝ ዘንጉን በእጃችሁ አዙሩት፤ በነጻ ከዞረ ይሆናል፥ እንቢ ካለ ለሌላ ሥራ ተዉት። በአዲስ አበባ በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚውሉት የእጅ ባለሙያዎች የበርሜሉን ቆርቆሮና የጎማውን ቍራጭ ወደ አዲስ ዕቃ ሲለውጡ ያየ ሰው፥ ይህ ሥራ ከአቅማችን በላይ ነው አይልም። አሰላም ለዚህ ዓይነቱ አሳብ እንግዳ አይደለችም፤ በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት በዚያ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፥ በተለምዶ ስሙ ካዱ፥ የእርሻ መሣሪያን ከአገሩ መሬት ጋር ለማስማማት የሚሞክር የሥራ ክፍል ነበረው።

ይህን የምትሰሙ የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎችና ሠራተኞች፤ በዚህ ረገድ ከእናንተ የሚጠበቅ ነገር አለ። በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ያረጁ ፎቶ ኮፒ መኪናዎች፥ ማተሚያዎችና የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ተደርበው አቧራ ሲጠጡ እናያለን። በእያንዳንዳቸው ሆድ ውስጥ ሞተር፥ ዘንግ፥ ቺንጋና ጥርስ አለ። የንብረት አወጋገድ ደንብ መከበር አለበት፤ የመንግሥትን ንብረት ማንም በብልጠት አይውሰድ እላለሁ። ነገር ግን ደንቡ ዕቃው እስኪበሰብስ ይቀመጥ አይልም። በጊዜው ተመዝግቦ፥ በጊዜው ተወስኖ ለቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ቢተላለፍ፥ ለመዝገብ ቤት የማይረባው ዕቃ ለአንድ ክፍል ተማሪ ሁሉ መጽሐፍ ይሆናል። በቤታችሁም ልጃችሁ አሮጌ ዕቃ ሲፈታ ብታገኙት «አበላሸኸው» ከማለታችሁ በፊት ምን እንደሚፈልግ ጠይቁት፤ ሶኬቱ መነቀሉንም ራሳችሁ ተመልከቱ።

ለመሰናበቻ አንድ ቃል ልጨምር። በቋንቋችን የመኪናው መሪና የሰው መሪ በአንድ ስም ይጠራሉ። ይህ በአጋጣሚ ይሁን በጥበብ አልመረምርም፤ ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። በመዳፉ ምንም ተቃውሞ የማይሰማው ነጂ መንገዱ የተስተካከለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን መሪው እጅግ የሚቀልለው ጎማው መሬቱን ሊለቅ ሲል ነው። እኛም በየወንበራችን ስንቀመጥ፥ የሚያጕረመርም ባለ ጉዳይ ሲመጣ፥ አስተያየት የሚሰጥ የበታች ሠራተኛ ሲናገር፥ እጃችንን መልሶ የሚገፋን መንገዱ ራሱ መሆኑን እናስብ። የሮቤው ገበሬ እርፉ ሲያንገራግርበት እንጨቱን አይረግምም፤ ቆም ብሎ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ድንጋይ ይፈልጋል።